ነጭ የጥፍር ቀለም

በገዛ ታናሽ እህቴ ቀንቼ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ሁለት ልጅ ያሳደገ፣ መላጣው ከግንባሩ ተነስቶ አናቱ ላይ የደረሰ ሰውዬ፣ በጀርባው አዝሎ ባሳደጋት ልጅ ቀናሁ ብሎ ማውራቱ ያሳፍራል። ቢያሳፍርም የሆነው ይኸው ነው። ከእኔ ቀድማ ያወቀችው ሚስቴ ናት። አንድ እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ስለ እህቴ አሠራር ሳማርር፣ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ «ቀንተሃል» አለችኝ።

«እኔ? በእሷ?» ብዬ ሳቅሁ። ሳቁ ከሚገባው በላይ ረዘመና አሳበቀብኝ።

ነገሩ ከመኪናዋ ይጀምራል። አባባ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ቀይ የስፖርት መኪና አለችው። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ጣራዋ ወገቤ ጋ የሚደርስ። «ሴትዮዋ» ነው የሚላት። ሲገዛት ሞተሯ ተቆልፎ፣ ወለሏን ዝገት በልቶት፣ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ቆማ ዶሮ ይፈለፈልባት ነበር። ዛሬ በጋራዣችን የኋለኛ ክፍል የራሷ ቦታ አላት። የደንበኞች መኪና ዝናብ ሲመታው እሷ ጣራ ሥር ናት።

አባባ ስለ እሷ ያወጣው ሕግ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ አሮጌ መኪኖች በሚሮጡበት የውድድር ሜዳ ትሮጣለች፤ ግን በራሷ ጎማ ሄዳ፣ ሮጣ፣ በራሷ ጎማ መመለስ አለባት። ሌሎቹ መኪናቸውን በጭነት መኪና አሳዝለው ሲመጡ ይስቅባቸዋል። «ተሸክማችሁ የመጣችሁት መኪና ነው ወይስ ቁም ሳጥን?» ይላቸዋል። ለሚሰማው ቀላል ይመስላል። ለሜዳ የሚሆን ሞላ መንገድ ላይ ወገብ ይቆርጣል፤ ለመንገድ የሚመች ሞላ ደግሞ ሜዳ ላይ በየኩርባው ያንገዳግዳታል። ለሜዳ የሚሆን የፍሬን ሸራ ካልጋለ በቀር አይዝም፤ ዳቦ ልግዛ ብለህ ብትወጣባት የሰው አጥር ይዘህ ትገባለህ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ሁለቱን ማስታረቅ ነበር። ካርቡራተሯን በጆሮዬ እያዳመጥሁ ነው የማስተካክለው። ሳል ስትጀምር ካንዴላዋ ይሁን ቤንዚኗ ከበር ላይ ሆኜ እለያለሁ። አባባም ለሰው ሲያወራ «ይህ ልጅ ጆሮ አለው» ይላል፤ ወይም ይል ነበር።

ሁለተኛው ሕጋችን የጥፍር ቀለም ነው። አትሳቁ። አንድ ዳዶ ብሎኑ ላይ ልኩ ድረስ ከጠበቀ በኋላ፣ ያጠበቀው ሰው ከዳዶው ላይ ጀምሮ ዳዶው እስከተቀመጠበት ብረት ድረስ ቀጭን መስመር ያሰምርበታል። ዳዶው በኋላ ትንሽ እንኳ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል፤ ጎንበስ ብሎ ያየ ሁሉ ያውቃል። የጥፍር ቀለም የመረጥነው ዘይት ስለማያስለቅቀውና ብሩሹ ከክዳኑ ጋር ስለሚመጣ ነው። ያላጠበቁትን ማስመር ክልክል ነው። የሌላ ሰው ዳዶ ከነካህ፣ መስመሩን የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን ጠርገህ፣ ራስህ አጥብቀህ፣ የራስህን ቀለም ታሰምራለህ። ሰው ነፍሱን አሳፍሮ የሚነዳት መኪና ስለሆነች በዚህ ቀልድ የለም።

የአባባ ቀለም ነጭ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አንድ የመዋቢያ ዕቃ መደብር ይዞኝ ሄደ። ባለሱቋ «ለማን ነው? ጠይም ናት ቀይ?» ብትለው፣ እኔን ከነቱታዬ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ «ለእሱ ነው» አላት። እሷም ከላይ እስከ ታች አይታኝ ቢጫ ሰጠችኝ። የዚያ ቀን እፍረቴ እስካሁን አለ፤ ኩራቴም እንዲሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የአባባ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ የሰጠው ኪኒን ትንሽ አበረደው እንጂ አላቆመውም። አባባ ግን ሥራውን አልተወም፤ ከሴትዮዋ ሥር ይገባል፣ ያጠብቃል፣ ያሰምራል። እኔ አንድ ቀን አንዱን ነጭ መስመር ያለበትን ዳዶ ባለመለኪያውን ቁልፍ፣ ማለትም ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» የሚለውን ረዥሙን ቁልፍ፣ ይዤ ብሞክረው ሩብ ዙር ሄደልኝ። ክው አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ አባባ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ እኔ እገባለሁ። እያንዳንዱን ነጭ አጠብቃለሁ፤ መስመሩ ሲሰበር እጠርገዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ትቶት የሄደውን የራሱን ጠርሙስ አንስቼ በነጭ መልሼ አሰምረዋለሁ። በቢጫ ማስመር ነበረብኝ፤ ሕጉ እንዲያ ይላል። ግን ወጥቶ ቢጫ ሲያይ ምን ሊሰማው እንደሚችል አውቃለሁና አላደረግሁትም። እሱም አላወቀም፤ ወይም አላወቀም ብዬ ነበር። እንግዲህ ነጩ ጠርሙስ ለሦስት ዓመት በእኔ እጅ ነበር ማለት ነው። ጊዜው ሲደርስ ከደረት ኪሱ አውጥቶ «እንካ» እንደሚለኝ ቅንጣት አልተጠራጠርሁም።

እህቴ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። በአሥራ ሦስት ዓመት እበልጣታለሁ። አባባ ዛሬም «ሚጢ» ነው የሚላት፣ ምንም እንኳ በቁመት ሁለታችንንም ብትበልጥ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ከተማ የውድድር መኪና የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ሠርታ፣ አንድ ላፕቶፕና ከጎማ ሥር የሚቀመጡ አራት ሚዛኖች ይዛ ተመለሰች። በመጣች በሦስተኛው ቀን አባባን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ሴትዮዋን መዘነቻት። የፊት ግራ ጎማዋ ከቀኙ ሠላሳ አንድ ኪሎ አብልጦ ይሸከማል አለች። እኔ «ትንሽ ወደ ግራ ታደላለች» እያልኩ የኖርኩትን በኪሎ ነገረችው። ሞላዎቹን ከፍ ዝቅ አድርጋ አስተካከለችና አባባን መንገድ ላይ አስነዳችው። ሲመለስ እያለቀሰ ነበር የሚስቀው። «ቀጥ ብላ ሄደች! እጄን ለቀቅሁት እኮ፣ ቀጥ ብላ ሄደች!»

ለእኔ እንዲያ ስቆልኝ አያውቅም። ወጥቼ የአንድ ታክሲ ፍሪሲዮን ማውረድ ጀመርሁ፤ ባለቤቱን ገና ነገ ነው የምጀምረው ብዬው ነበር።

ከዚያ በኋላ የምታደርገው ሁሉ የእግር እሳት ሆነብኝ። ላፕቶፗን ኮፈኑ ላይ ስታስቀምጥ «ቀለሙ ይጫራል» እላታለሁ፤ ከሥሩ ፎጣ አንጥፋ ታሳየኛለች። መንገጫገጩን የሚያበርዱትን አዲሶቹን አሞርዛተሮች ስትገጥም «ለሜዳ ብቻ ነው የሚሆኑት» እላለሁ፤ ጎናቸው ላይ ያለች ትንሽ ክብ ማዞሪያ አሳይታኝ «ወደ ግራ ስምንት ቀጭ ለመንገድ፣ ወደ ቀኝ ስምንት ቀጭ ለሜዳ» ትለኛለች። ሃያ ሁለት ዓመት ያስታረቅሁትን ጠብ በስምንት ቀጭ ጨረሰችው። ይባስ ብላ ታከብረኛለች። «ወንድም ጋሼ፣ ይህን አንተ እንዴት ታደርገው ነበር?» ትለኛለች። ብትንቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ቂሜ ምክንያት ያገኝ ነበር።

ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው አባባ ሁለታችንንም ጠረጴዛው ጋ ጠራን።

«እኔ ዘንድሮ አልነዳም» አለ፤ እጁን ከኪሱ አላወጣም። «ሜዳውን ሚጢ ትነዳለች። መንገዱን አንተ።»

መንገዱን እኔ! አድርሶ መላሽ! እሱ ግን አላበቃም። ከደረት ኪሱ ነጩን ጠርሙስ አወጣ።

«ይህን አንቺ ያዢ» አላት።

እሷ ደንግጣ እኔን አየችኝ። እኔ የቱታዬን ቁልፍ አየሁ። «ደስ ይበልሽ» ያልኳት ይመስለኛል፤ ድምፄ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ነበር የሚመስለው። ሌላውን ሁሉ ችዬ ነበር፤ ሜዳውንም ቢሆን፣ መላጣና ወገብ ሕመም ያለበት ሰው ምን ያሯሩጠዋል ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ነጩን ግን አልቻልኩም። ነጩ የእኔ ነበር። ማንም ባያውቅም የእኔ ነበር።

በውድድሩ ዋዜማ ጠዋት እህቴ የኋላ ጎማዎቹን ከመኪናዋ ሆድ ጋር የሚይዙትን ሁለት ክንዶች በአዲስ ቀየረች። ሴትዮዋ በአራት መደገፊያ ላይ ከፍ ብላለች፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። እኩለ ቀን ሲቃረብ አባባ የምዝገባውን ወረቀት አስፈርመን እንምጣ ብሎ ጠራት። እጇን በቱታዋ ጠርጋ ተከትላው ወጣች። ብቻዬን ቀረሁ።

ከሥሯ ገባሁ። ምን ልፈልግ? ስህተት ልፈልግ፤ ሌላ ምን። የእጅ ባትሪውን አበራሁ። ከዚህ እስከዚያ ነጭ ነው። የአሞርዛተሩ ነጭ፣ የፍሬኑ ነጭ፣ የአዲሶቹ ክንዶች የውጭ ጫፍ ነጭ። ከኋለኛው ጎን አንድ ቢጫ አልቀረልኝም፤ እንኳን ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን የሠራሁባት አትመስልም። ከዚያ በግራና በቀኝ፣ ክንዶቹ የመኪናዋን ሆድ የሚነኩበት ቦታ ላይ፣ መስመር የሌለባቸው ሁለት ዳዶዎች አየሁ።

ረስታለች! እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ። አጥብቃ ማስመሩን ረስታለች። አንዱን በጣቴ ላዞረው ሞከርሁ፤ አልዞረም። ከውስጡ ፕላስቲክ ያለው፣ ራሱን በራሱ የሚይዝ ዓይነት ዳዶ ነው፤ ባይጠብቅም በጣት አይዞርም። ይህን አውቃለሁ። ባለመለኪያው ቁልፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ቁልፉን አምጥቼ ብሞክረውና ጠብቆ ባገኘው፣ ሥራው የእሷ መሆኑን በገዛ እጄ አረጋግጬላት መነሳቴ ነው፤ ያን ጊዜ ማስመር አልችልም። ስለዚህ አላመጣሁትም። ቅናት እንዲህ ያለ ሒሳብ ያሠራል።

ቢጫውን ጠርሙሴን አወጣሁ። ሁለት መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። ነገ ሜዳው ላይ መኪኖቹን የሚመረምረው ሰው ባትሪውን አብርቶ ሲያጎነብስ ቢጫም ያያል አልኩ። ከዚያ መደገፊያዎቹን አንስቼ ሴትዮዋን በጎማዋ አወረድኳት፣ ሥራ የሠራሁ እንዲመስል።

ሲመለሱ እህቴ ቀጥታ ከሥሯ ገባች። እግሯን ብቻ ነበር የማየው።

«ወንድም ጋሼ፣ ይህን ቢጫ አንተ ነህ?»

«ማን ሊሆን ነው?»

ተንሸራታ ወጣች። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ፊቷ በርቷል። «ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬን ስትነካው ገና ዛሬ ነው» አለችና ጉንጬን ሳመችኝ፤ ግማሽ ፊቴን ግራሶ አስነካችኝ። «እኔ እንዲያውም ጠልተኸኝ ነው ብዬ ነበር።»

«ቢጫ ካየሽ አትድከሚ» አላት አባባ ከበሩ ላይ። «የእሱ መስመር ድጋሚ አይሞከርም፤ ያለቀ ነው።»

ስንት ወር የጠማኝን ቃል በሰው ፊት አገኘሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከስር አንድ ነገር ጎረበጠኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ዋጥ አድርጌ እጄን ልታጠብ ሄድሁ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሳን። ሴትዮዋን እኔ ነዳሁ፣ አባባ ከጎኔ፣ እህቴ ጎማና መሣሪያ በጫነችው የጋራዡ የዕቃ መኪና ከኋላ። ከከተማው ስንወጣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ስናልፈው ከግራ ኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ባለውም እንዲሁ «ቋ»። ይህ ጆሮ ከበር ላይ ሆኖ ሳል የሚለየው ጆሮ ነው። ምን አልኩ መሰላችሁ? የእሷ አዲስ ክንድ ማንቋቋት ጀመረ አልኩ፤ ፈገግም አልኩ። አባባ መስኮቱን ከፍቶ ንፋሱን ይበላል፣ ጆሮው እንደ ድሮው አይሰማለትም። እኔም አልነገርኩትም። ሜዳ ላይ ራሷ ትስማው፣ በሰው ፊት ትፈር አልኩ።

ሜዳው ደርሰን ወደ ሥራ ገባን። አሞርዛተሮቹን ስምንት ስምንት ቀጭ አጠነከረች፣ የጎማውን ነፋስ ለካች፣ የሞተሩን ዘይት አየች፣ ለመንገድ የያዝነውን ትርፍ ጎማና ክሪክ ከኋላ አወረደች። መኪኖቹን የሚያየው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ባትሪውን አበራ፤ ነጭ አየ፣ ቢጫ አየ፣ «ጥሩ» ብሎ ወረቀቱን ፈረመ። እህቴ የራስ ቁሯን አድርጋ ገባች። መኪኖች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ ከፊቷ አራት አሉ። ቀበቶዋን ላጠብቅላት በመስኮቱ ጎንበስ አልኩ። የቀበቶውን ጫፍ ስስብ እንዲህ አለችኝ፦

«ትናንት እነዚያን ሁለቱን ባታጠብቅልኝ ኖሮ ዛሬ ጠዋት በጥድፊያ ማበዴ ነበር። በትንሿ ቁልፍ ላላ አድርጌ ብቻ ነበር የተውኳቸው። በጎማዋ ሳትቆም ብናጠብቃቸው የውስጥ ጫፋቸው ላይ ያለው ጎሚኒ ላስቲክ ተጠማዝዞ ይቀደዳል አይደል? አንተ አውርደህ ማጥበቅህን ሳይ፣ ይህን ሰውዬ ማንም የሚያስተምረው ነገር የለም አልኩ።»

ላላ አድርጌ ብቻ። ከፊቷ ሦስት መኪና ቀረ። ባንዲራ የያዘው ሰውዬ አንዱን ለቀቀና ሁለት ቀረ። መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቴ የመጣው እሷ ሳትሆን ቢጫዋ ነበረች። ብናገር ቢጫ ብሎ ነገር አበቃለት። ይህን ያሰብኩት ለአንድ እስትንፋስ ያህል ነው፤ ግን አስቤዋለሁ፣ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

«ሚጢ፣ ከሰልፉ ውጪ!»

«ምን?»

«ውጪ አልኩሽ! ከኋላ ድምፅ አለ። መንገድ ላይ ሰምቻለሁ።»

ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ባንዲራ ያዡ እየተሳደበ ጎን አስወጣን። ክሪኩን አስገብቼ ከፍ አደረግኋትና ሦስታችንም አጎነበስን። የግራው ዳዶ ዞሯል። ቢጫው መስመሬ ለሁለት ተሰብሮ፣ በመካከሉ የክብሪት ራስ የሚያህል ክፍተት ይታያል። አባባ ትከሻዬን ጨመቀኝ፤ የእጁ መንቀጥቀጥ እስከ አንገቴ ተሰማኝ።

«አየሽው?» አላት። «አየሽ ጆሮ ማለት! ነፍስሽን ነው ያተረፈልሽ!»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። እህቴ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ፣ የራስ ቁሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የተሰበረውን መስመር ታያለች።

«አንተ ያጠበቅኸው ከተፈታ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጥፋቱ የእኔ ክንድ ነው። ቀዳዳው ልክ አይደለም፣ ወይ ብሎኑ አይደለም። አንድ ነገር ተሳስቻለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች። «እኔ አልነዳም። አጥብቀውና አንተ ንዳ። አንተ ነህ የምታውቃት።»

አባባ የራስ ቁሩን ከጭኗ አነሳና ወደ እኔ ዘረጋው።

«እንካ» አለኝ።

ያቺን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄያታለሁ። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩት ብል አትፍረዱብኝ፤ ተቀብዬዋለሁ። ውስጡ ገና ከእሷ ራስ ሙቀት አልበረደም። ቀና ስል እህቴ ከመሣሪያ ሳጥኑ አሴቶንና ጨርቅ አውጥታ ከሴትዮዋ ሥር ገብታለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሁሉንም ከእንደገና ላየው ነው። አንዱ ከተበላሸ ሌላውን ምን ብዬ አምነዋለሁ?» አለችና የአሞርዛተሩን ነጭ መስመር ጠረገችው። ቀጠለችና የፍሬኑን።

ያን ነጭ ሦስት ዓመት በድብቅ ጠብቄዋለሁ። አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ ካለ ጥፋቱ፣ በእኔ ቢጫ ምክንያት፣ እየተጠረገ ነው።

«አትጥረጊው» አልኳት። «የአንቺ ሥራ ምንም አልሆነም። እኔ አላጠበቅሁትም።»

ጨርቁ ቆመ።

«አላጠበቅሁትም። አጥብቀሽ ማስመሩን የረሳሽ መስሎኝ ነው። ቁልፍ አላነሳሁም። ዝም ብዬ አሰመርኩበት። ድምፁንም ጠዋት ሰምቼው ነበር፤ ዝም አልኩ።»

ከሥር ወጣች። አባባ እኔን ሳይሆን ጫማውን ነበር የሚያየው።

«ለምን?» አለችኝ።

ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ። «ቀንቼ።»

በአሴቶን የራሰውን ጨርቅ ፊቴ ላይ ወረወረችው። ዓይኔን አቃጠለኝ። «ልትገድለኝ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤት ያሉት ባለመኪኖች ዞረው አዩን። «ባትወደኝ ንገረኝ! ስደበኝ! ብሎን ላይ አትዋሸኝ!» እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችውና ሌላ ነገር ሳትጨምር «አውርዳት» አለችኝ።

ሴትዮዋን በጎማዋ አወረድኳት። እህቴ በጀርባዋ ተንፏቃ ገባች፣ ሁለቱንም ቢጫ በአሴቶን ጠረገች፣ ባለመለኪያውን ቁልፍ አሳረፈች። ግራው ሁለት ዙር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው «ቀጭ» አለ። ቀኙ አንድ ዙር ከሩብ። ስትጨርስ ቁልፉን በጎን በኩል ወደ እኔ ገፋችው፤ ሞክር ማለቷ ነው። ገብቼ ሞከርሁ። ሳይነቃነቅ «ቀጭ»፤ ሌላውም «ቀጭ»። ቀደም ብላ ነጫቸውን የጠረገችውን የአሞርዛተሩንና የፍሬኑን ዳዶም እንዲሁ ሞከርናቸው። ከዚያ ነጩን ጠርሙስ አወጣች። እጇ በንዴት ይንቀጠቀጥ ስለነበር መስመሮቹ ጠመዝማዛ ሆኑ፣ ልክ እንደ አባባ።

የራስ ቁሩን ከመሬት አንስቼ ሰጠኋት። ሳታየኝ ተቀበለችና ከመጨረሻው ምድብ ጋር ገባች።

እኔና አባባ አጥሩ ጋ ቆምን። በሦስተኛው ዙር ሴትዮዋ በፊታችን ስታልፍ የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀ።

«እጄ ከተበላሸ ወዲህ» አለ፣ ሜዳውን እያየ፣ «ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ አላውቅም። ብርጭቆ እንኳ ሳልደፋ አልጠጣም። ተመልሼ ገብቼ ሳይ ግን ነጩ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።»

ወደ እሱ ዞርኩ።

«ሦስት ዓመት» አለ። «የማላይ መስሎህ ነበር?»

«አባባ...»

«አፍሬ ዝም አልኩ። ደስም ብሎኝ ዝም አልኩ። ነጩን ለእሷ ስሰጣት አንተን ረስቼ አይደለም። ጎበዝ ናት፣ ግን ትቸኩላለች፤ በኔም የነበረ ነው። ከነጩ ሥር ወንድሟ አለ፣ ለእኔ እንዳደረገልኝ ለእሷም ሳያስነግር ያይላታል ብዬ ነው።» አጥሩን ጨበጠ፤ ሽቦው ከእጁ ጋር ተርገፈገፈ። «መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።»

ሴትዮዋ ከሩቁ ኩርባ ወጣች፤ ዝቅ ብላ፣ መሬቱን ይዛ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አላስሮጥኳትም። ዋሽቼ ቅናቱ ለቀቀኝ አልልም። ስታልፍ ሸነቆጠኝ። ግን በዚያው ጆሮዬ የግራ ኋላዋን እየተከታተለ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ዙር ሌላ ነገር አላዳመጥኩም።

ስትገባ ቀበቶዋን እስክትፈታ አልጠበቅሁም። ትኩሱ አስፋልት ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ ከሥሯ ገባሁ። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ገና ይንጣጣል፣ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ባትሪውን አበራሁ። ሁለቱ ጠመዝማዛ ነጭ መስመሮች እንዳሉ ናቸው፤ አልተሰበሩም።

ጫማዋ ከጭንቅላቴ አጠገብ ቆመ። «እንዴት ነው?» አለች፤ ድምፏ ገና አልበረደልኝም።

«መስመሩ ደህና ነው» አልኳት።

ባለመለኪያው ቁልፍ መሣሪያ ሳጥኑ ላይ ነበር፣ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ተነስቼ አመጣሁት።